ካልሲህንም አውልቅ

ዘይነባ ስትደውል የአንዲት ሴትዮ እግር ጭኔ ላይ አስቀምጬ ፋሻ እየፈታሁ ነበር። የመጀመሪያውን ጥሪ አላነሳሁም። ሁለተኛ ሲጮህ ሴትዮዋ ራሷ «አንሺው እንጂ ልጄ፣ እኔ እንደሆን የትም አልሄድ» አለችኝ። ጓንቴን አውልቄ አነሳሁት።

«ሲስተር፣ አባዬ አረፈ» አለች ዘይነባ። ድምጿ ደረቅ ነበር። «ዛሬ ጠዋት። ከዙህር ሶላት በኋላ ይቀበራል።»

ምን እንዳልኳት ትዝ አይለኝም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አጠብኩ፣ ቀባሁ፣ ጠቀለልኩ። እንባዬ ቢወርድም እጄ ሥራውን ስለሚያውቅ ሠራ። ሴትዮዋ ከዘራዋን ይዛ ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለችና፣

«አይዞሽ። አባትሽ ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም። ጫማ ሰሪዬ ናቸው» አልኳት።

ምን ብላ እንደሄደች እንጃ። ለጫማ ሰሪዋ የምታለቅስ ነርስ አይታ የምታውቅ አይመስለኝም። እኔ ግን ሥራሽን ማን አስተማረሽ ብባል ከኮሌጅ መምህሮቼ በፊት የምጠራው የጋሽ በድሩን ስም ነው።

የምሠራው አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ከመሳለሚያ ብዙ በማይርቅ ጤና ጣቢያ፣ ቁስል በሚታጠብበት ክፍል ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ። ወረፋው ግን አንዳንድ ቀን ካርድ ክፍሉ ድረስ ይደርሳል። መርካቶ ሰው ቆሞ የሚውልበት ሰፈር ነው። ነጋዴው ቆሞ ይሸጣል፣ ተሸካሚው ቆሞ ዕቃ ይጠብቃል። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል መጀመሪያ በጨው ውሃ ይዘፈዝፈዋል፣ ቀጥሎ ከፋርማሲ ቅባት ይገዛል፣ ሲብስበት እኛ ጋ ይመጣል። እኔም አጥቤ፣ ቀብቼ፣ ጠቅልዬ «ከነገ ወዲያ» እላለሁ። ወረፋውን ቶሎ ስለምጨርስ ጎበዝ ሠራተኛ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ ከማክማቸው ሰዎች አንዷ በርበሬና ቅመም የሚሸጡት እትዬ አስካለ ነበሩ። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ጫፍ ላይ ትንሽ ቁስል ነበረች። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሁለት ቀኑ አጠብኳት፤ አልሰፋችም፣ አልጠበበችም። አንድ ቀን እትዬ አስካለ ብቻቸውን አልመጡም። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ተከትለዋቸው ገቡና ጥግ ላይ ቆሙ። የሰውዬው ጣቶች በጫማ ቀለም ጠቁረዋል። ፋሻውን ስፈታ አንገታቸውን አስግገው ተመለከቱ።

«ሲስተር፣ ይህን እግር ነክተሽው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«በየሁለት ቀኑ የማጥበው እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ቁስሉን አላልኩሽም። እግሩን ነው ያልኩሽ።»

ተናደድኩ። በር ላይ ሰው ተደርድሮ፣ ሰዓቱ ሄዶ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ሥራዬን ሊያርመኝ!

«እርስዎ ሐኪም ነዎት?»

«ጫማ ሰሪ ነኝ።»

ወረፋ የያዙት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም፣ አላፈሩምም።

«ጓንትሽን አውልቂና በእጅሽ ጀርባ ንኪው። መጀመሪያ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። ካልመሰለሽ እወጣልሻለሁ።»

ቶሎ እንዲወጡልኝ ብዬ አደረግኩት። የእትዬ አስካለ ግራ እግር ሞቅ ያለ ነበር። ቀኙ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ውሃ ውስጥ ያደረ ቆዳ ይመስል ቀዝቅዟል። ጣቶቹ ላይ ፀጉር የለም፤ ቆዳው ሳስቶ ያብረቀርቃል። ሦስት ሳምንት አብሬው ከርሜ አላየሁትም፣ ዓይኔ የሚሄደው ቁስሉ ላይ ብቻ ነበራ። ሁለት ጣቴን የእግራቸው አናት ላይ አሳረፍኩ፤ የደም ትርታ የሚፈለግበትን ቦታ ተምሬው ነበር። ግራው ላይ ትር ትር ይላል። ቀኙ ላይ ወዲህ ወዲያ ብዬ ፈለግኩ። ምንም የለም።

ጋሽ በድሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። እትዬ አስካለ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ደም አይደርሰውም። ደም ካልደረሰው ቅባቱ ምን ያደርግለታል?» አሉኝ።

ሐኪማችን የዚያኑ ዕለት ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ጻፈ። እትዬ አስካለ ግን ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና «በዓል ደርሷል፤ በርበሬ የሚሸጥበት ሰሞን ነው። ከበዓሉ በኋላ እሄዳለሁ» አሉ።

«እሺ» አሉ ጋሽ በድሩ። «እንግዲያው እኔ ደጃፍሽ ላይ ቁጭ ብዬ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ ‘አስካለ ሆስፒታል ሄዳለች’ እያልኩ እመልሳለሁ። ሄድሽም አልሄድሽም።»

ቀልድ መስሎን ነበር። በማግስቱ እውነትም የራሳቸውን ሱቅ ዘግተው፣ ከበርበሬው ከረጢቶች አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ደንበኛ ሲመልሱ ዋሉ። እትዬ አስካለ ተሳደቡ፣ ለመኑ፣ በመጨረሻ ሄዱ። ሆስፒታሉ ጭናቸው ላይ የጠበበ ደም ሥር አገኘ። ቀጭን ቱቦ አስገብተው አሰፉላቸው። አውራ ጣታቸው አልተረፈም፤ እግራቸው ግን ተረፈ። የመልስ ወረቀቱ ላይ ሐኪሙ «በጊዜ ስለተላኩ» ብሎ ጽፎ ነበር።

ያን ወረቀት ኃላፊያችን በጠዋት ስብሰባ ላይ አንብቦ ስሜን ጠርቶ አመሰገነኝ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። እኔም ዝም አልኩ።

ዝምታዬ ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ እየጠየቅኩ የጋሽ በድሩን ሱቅ አገኘሁት። ከሶማሌ ተራ ወደ መሳለሚያ በሚወስደው መንገድ፣ በሁለት የመለዋወጫ መደብሮች መሀል የተሰነቀረች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ ናት። ግድግዳው ላይ የእግር ቅርጽ ያላቸው የእንጨት ፎርማዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተሰቅለዋል። አንዳንዶቹ ላይ በቆዳ ቁራጭ እብጠት ተሠርቶላቸዋል፤ የአንዱ ደንበኛ አጥንት እዚህ ጋ ስለሚወጣ፣ የሌላው ጣት ስለሚጣመም። ውጭ መኪና ጡሩንባ ይነፋል፣ ተሸካሚዎች «ዞር በሉ!» እያሉ ያልፋሉ። እሳቸው ወስፌ ይዘው አቀርቅረዋል።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አልኩና ስለ ስብሰባው ነገርኳቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። «እግሩ ተረፈ አይደል? ለሱ ያጨበጨቡ ያጨብጭቡ። ይልቅ ተቀመጪና ጫማሽን አውልቂ።»

«እኔ ስኳር የለብኝም።»

«ጠየቅኩሽ? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የምትውዪ ሴት ነሽ። ካልሲሽንም አውልቂ።»

«ካልሲህንም አውልቅ» በመርካቶ የታወቁበት ቃል ነበር። ጫማ ሊያሰፋ የመጣ፣ ሊያሳድስ የመጣ፣ ዋጋ ሊጠይቅ ብቻ አንገቱን ያስገባ፣ ማንም አያመልጥም። የመጣው ሰው ያፍራል፤ እግሩ ይሸታል፣ ካልሲው ተቀዷል። እሳቸው ከግድግዳው ላይ ትንሽ መስታወት ያወርዱና ከእግሩ ሥር ይይዙለታል። «ተመልከት። ይህን ተረከዝህን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?» ይሉታል። በጣቶቹ መሀል ያያሉ፣ በእጃቸው ጀርባ ከጉልበት እስከ ጣት ይወርዳሉ፣ ሁለቱን እግር ያወዳድራሉ። ልኬት የሚወስዱት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። እግር ቀኑን ሙሉ ሲያብጥ ይውላል፤ በጠዋት ልክ የሆነ ጫማ ከሰዓት ይጨቁናል ይላሉ። ጠዋት የመጣውን «ሂድና ደክሞህ ና» ብለው ይሸኙታል።

ከዚያን ቀን በኋላ ከሥራ ስወጣ ጎራ ማለት ለመድኩ። አንድ ቀን ስኳር ያለበት ወዛደር ሶሉ የለቀቀ ጫማ ይዞ መጣ። ጋሽ በድሩ ጫማውን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ውስጡ ከተው ዳሰሱ። ከዚያ በጉጠት የግማሽ ጣት ርዝመት ያለው ምስማር ከውስጡ መዘው መዳፋቸው ላይ አስቀመጡለት።

«ይህ ስንት ቀን አብሮህ ሄደ?»

ሰውዬው እግሩን አነሳ። ተረከዙ ላይ የምስማሩ ቦታ ተበስቶ በደረቀ ደም ተሸፍኗል። አልተሰማውም። ስኳሩ የእግሩን ሕመም ወስዶበት፣ ምስማር ላይ እየረገጠ ማዳበሪያ ሲሸከም ከርሟል።

«አላመመኝም እኮ» አለ ሰውዬው፤ ፊቱ ደንግጧል።

«የሚያስፈራውም እሱ ነው» አሉት ጋሽ በድሩ። «ጫማህን ስታደርግ መጀመሪያ እጅህን ክተት። እጅህ ያማል፤ እጅህን እመነው። አሁን ከሲስተር ጋር ሂድ።»

እንዲህ እያልን ተባባሪዎች ሆንን። እሳቸው ይልካሉ፣ እኔ እቀበላለሁ። ወረቀት አይጽፉም። የሚያሳስባቸውን ሰው ጫማ ክር በቀይ ክር ይቀይሩታል። ቀይ ክር ያሰረ ሰው ወረፋዬ ላይ ሳይ ጓንት ከማድረጌ በፊት እግሩን እዳስሳለሁ።

ሐጂ ኑረዲንን ያወቅኩት በዚህ ጊዜ ነው። ሐጂ የጨርቅ ጅምላ ነጋዴ ነበሩ፤ ወፈር ያሉ፣ ሲጋራ ከእጃቸው የማይጠፋ፣ በሰላምታ አክባሪነታቸው የተመሰገኑ። ከመኪናቸው ወርደው መጋዘናቸው እስኪደርሱ በየሱቁ ቆም እያሉ ሰላም ይላሉ፤ የልጆችን ጤና ይጠይቃሉ። አንድ ከሰዓት ጋሽ በድሩ ወስፌያቸውን አስቀምጠው «ሲስተር፣ እርምጃቸውን ቁጠሪ» አሉኝ።

ቆጠርኩ። ሐጂ በየአርባ እርምጃው ይቆማሉ። ሰላም የሚሉት ሰው ካለ ሰላም ይላሉ፤ ከሌለ የተሰቀለ ጨርቅ ይዳስሳሉ። ትንሽ ቆይተው ይሄዳሉ፤ አርባ እርምጃ፣ ከዚያ ደግሞ ይቆማሉ።

«ባታቸውን ይዟቸዋል» አሉ ጋሽ በድሩ። «ሲሄዱ ይጨብጣቸዋል፣ ሲቆሙ ይለቃቸዋል። ሥጋው ደም ሲያጥረው ነው። ሰው እንዳያውቅባቸው በሰላምታ ይሸፍኑታል።»

ተነስተው ወጡ። ሐጂ እኛ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ፣

«ሐጂ፣ ሰላምታ አበዙ» አሏቸው።

«ምን ይደረግ በድሩ፣ ሰው አይደለን?»

«ባትዎን አይይዝዎትም?»

የሐጂ ፊት በአንዴ ተለወጠ። ዙሪያውን ተመለከቱ፤ ሰው አለ፣ ደንበኛ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጫማህን ስፋ!» አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ ሰላምታውም ቀረ። ጋሽ በድሩ አልተቀየሙም። ሐጂ በሚያልፉበት ሰዓት አንዲት በርጩማ አውጥተው ደጃፉ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ተመልሰው ሥራቸውን ይሠራሉ። ቃል አይናገሩም፣ ቀና ብለውም አያዩም። ሐጂ አልፈው ሲሄዱ በርጩማዋን ያስገቧታል። ሁለት ወር ያህል በየቀኑ እንዲሁ አደረጉ። ሰዎች ይስቁ ነበር፤ እኔም «ይተዉት እንጂ» ብያቸዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ቀን ሐጂ ኑረዲን ደርሰው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ላብ አጥምቋቸዋል። ጋሽ በድሩ ወጥተው ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አሉ።

«ሌሊት ደግሞ ጀመረኝ» አሉ ሐጂ በቀስታ። «እግሬን ከአልጋ ወደ ታች ካላንጠለጠልኩት አያስተኛኝም።»

«ጫማዎን ያውልቁ። ካልሲዎንም።»

እንደዚያ ሆነው ወደ እኔ መጡ። የደም ግፊታቸው ከፍተኛ ነበር፤ ስኳርም እንዳለባቸው የዚያኑ ዕለት ታወቀ። ሆስፒታል ሄደው ተመርምረው ሲመለሱ መድኃኒቶቻቸውን አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። ይህ ለግፊቱ፣ ይህ ለስኳሩ፣ ይህ ለደም ሥሩ ስብ፣ ይህቺ ትንሿ ደም እንዳይረጋ።

«ለአንድ እግር ይህ ሁሉ?» አሉኝ።

«ለእግርዎ ብቻ አይደለም። የእግርዎ ደም ሥር እንዲህ ከጠበበ የልብዎም የጭንቅላትዎም ሊጠብ ይችላል። እግርዎ ቀድሞ ነገረዎት እንጂ።»

ሐጂ መድኃኒቱን ተቀበሉ። የከበዳቸው ሲጋራውና የሐኪሙ ሌላ ትእዛዝ ነበር፦ በየቀኑ መሄድ። ባትዎ እስኪይዝዎት ይሂዱ፣ ሲይዝዎት ይቁሙ፣ ሲለቅዎት ደግሞ ይሂዱ። «የሚያመኝን ነገር ሂድ ይለኛል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ጋሽ በድሩ አልተከራከሩም። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከቤታቸው ደጃፍ ጠበቋቸው።

ከመሳለሚያ ወደ አማኑኤል ነበር የሚሄዱት። አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን፤ ሱቆች ሳይከፈቱ። ሐጂ ሲቆሙ ጋሽ በድሩም ይቆማሉ፣ ሲሄዱ ይሄዳሉ። ሲጋራውን ሐጂ ሁለት ጊዜ ትተው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። በሦስተኛው ግን ቆረጡ። ስድስት ወር ገደማ ሲሆን አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን በር አካባቢ ድረስ አንድም ጊዜ ሳይቆሙ ደረሱ። ያን ቀን ጤና ጣቢያ መጥተው ወረፋውን ሁሉ አንድ በአንድ ጨበጡ፤ የማያውቁትን ሁሉ።

«ሲስተር» አሉኝ፣ «አሁን ሰላም የምለው ወድጄ ነው።»

ይህን ሁሉ ከየት እንደተማሩት ጋሽ በድሩን ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። «እግር ሳይ አርባ ዓመት ሆነኝ» ብለው ያልፉታል። አንድ ዝናባማ ከሰዓት ግን ደንበኛ ጠፍቶ፣ ውሃው በደጃፉ ሲወርድ እያየን ሳለ ሳልጠይቃቸው ጀመሩ።

«የዘይነባ እናት ስኳር ነበረባት» አሉ። «ለዒድ ጫማ ሠራሁላት፤ ጥሩ ቆዳ፣ ጠበብ ያለ፣ እንደምትወደው። አድርጋው ወጣች። ‘ትንሽ ያዘኝ’ አለችኝ። ‘ይሰፋልሻል’ አልኳት። ለደንበኛ ሁሉ የምለውን ነው ያልኳት።»

ወስፌውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

«ትንሿ ጣቷ ላይ ውሃ ቋጠረ። እሷ ደበቀችኝ፤ ጫማውን የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ እንዳይከፋኝ። እኔም አላየሁም። ቀኑን ሙሉ የሰው እግር ይዤ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ እግር ማየት አስጠልቶኝ ነው የምገባው። ሳውቅ ጣቷ ጠቁሯል። ሐኪሞቹ እግሯ ቀዝቃዛ መሆኑን ያኔ በእጄ ጀርባ አስነኩኝ። ከጉልበቷ በላይ ቆረጧት። ዓመት አልቆየችም።»

ከዚያ በኋላ ራሳቸውም ተመርምረው ስኳር እንዳለባቸው አወቁ። መድኃኒታቸውን አንድም ቀን አዛንፈው አያውቁም። ዝናቡ ቀለል ሲል ተነስተው ጃንጥላቸውን ሰጡኝ።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት የሆነውን ለማመን ከበደኝ። ሐጂ ኑረዲን አንድ ጠዋት ወረፋ ሳይጠብቁ ክፍሌ ገቡ።

«በድሩ ሰሞኑን ሰላምታ አብዝቷል» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«በመንገዳችን ላይ ይቆማል። ግንብ ያያል፣ ሰማይ ያያል። ትናንት እኔ ቀድሜው ሄድኩ፣ ሲስተር። እኔ!»

ሥራዬን ለጓደኛዬ ትቼ ሮጥኩ። ጋሽ በድሩ ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ግራ እግራቸውን ሥራ ጠረጴዛው ሥር ደብቀዋል።

«ያውልቁ» አልኳቸው።

«ሥራ አለብኝ ሲስተር። ነገ እመጣለሁ።»

«ጋሽ በድሩ።»

አላወለቁም። ቆዳ ቁርጥራጭ የተበተነበት ወለል ላይ ተንበርክኬ እኔው አወለቅኩት። ካልሲውንም። ሁለት ጣት ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ ወደ እግሩ አናት ጀምሯል። የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ። ከባታቸው በታች በረዶ ነው።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሦስት ሳምንት።»

«እርስዎ! እርስዎ እያወቁ!»

ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አነሱ። «ሆስፒታሉ የሷን እግር የቆረጡበት ሕንፃ ነው፣ ሲስተር። ደረጃውን አውቀዋለሁ። ስንት ሰው ልኬበታለሁ፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። ፈራሁ።»

ሄድን። ሐጂ በመኪናቸው ወሰዱን። የደም ሥር ሐኪሞቹ ሊከፍቱት ሞከሩ፤ ከጉልበት በታች ያሉት ቀጫጭኖቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ቢሆን ኖሮ ብሎ የተናገረ ሐኪም የለም። መናገርም አላስፈለገም። ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች ቆረጡት።

ዘይነባ ባንክ ቤት የምትሠራ፣ ብዙ የማትናገር ልጅ ናት። በአራተኛው ቀን አልጋቸው አጠገብ ቆማ ግን የክፍሉ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮኸች።

«የመርካቶን ሰው ሁሉ እግር እያየህ የራስህን ከእኔ ደበቅክ! እማዬም ከአንተ ደበቀች፣ አንተም ከእኔ! እኔ ምናችሁ ነኝ?»

«ፈርቼ ነው፣ ልጄ።»

«ፍራ! ማን አትፍራ አለህ? ፈርቼአለሁ በለኝና አብረን እንፍራ!»

ጋሽ በድሩ እጇን ይዘው አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከሆስፒታል ወጥተው ሥራ ሲጀምሩ ሰው እንደ ድሮው መጣ፤ እንዲያውም በዛ። ሰው ሠራሽ እግራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ይቀመጣሉ። እምቢ የሚል ደንበኛ ሲመጣ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ያሳዩታል። «እኔ እንኳ ደብቄ ነበር» ይሉታል፤ እያፈሩ ነው የሚሉት፣ ግን ይሉታል። በዚህ የተነሳ የላኩልኝ ሰው ካለፉት ዓመታት ሁሉ ሳይበልጥ አይቀርም። እግራቸው ከተቆረጠ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ዘይነባ የደወለችልኝ።

ለቅሶ የደረስኩት ከቀብር በኋላ ነው። ግቢው ሞልቷል። እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጠው ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ፤ ሐጂ ኑረዲን ድንኳኑ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ ይቀበላሉ። ዘይነባ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ፊቷ ላይ እንባ አልነበረም።

«ልቡ ነው አሉ» አለችኝ። «ግን ሲስተር፣ አልደበቀኝም። ሱብሒ ሰግዶ ጠራኝ። ‘ዘይነባ፣ ደረቴን ይዞኛል። ግራ እጄም ከብዶኛል። ፈርቼአለሁ፤ ታክሲ ጥሪ’ አለኝ። አንድ ደቂቃ አላቆየም። በታክሲው ውስጥ እጄን እንደያዘ ነበር። በጊዜ ደረስን። ሐኪሞቹም ብዙ ደከሙ።»

«በጊዜ ደርሳችኋል» አልኳት።

«አዎ። ግን አልሆነም።»

የልብ ደም ሥር ሲዘጋ በጊዜ መድረስ ብዙ ሰው ያድናል፤ ሁሉን ግን አያድንም። ይህን የማውቀው ሥራዬ ስለሆነ ነው። ለልጅ የሚነገር ነገር ግን አይደለም። አቀፍኳት። ከትከሻዬ ላይ ቀና አለችና፣

«ነገ ጠዋት ልምጣ?» አለችኝ።

«የት?»

«አንቺ ጋ። ስኳሬን ተለክቼ አላውቅም። እማዬ፣ አባዬ፣ ሁለቱም ነበረባቸው። ሁልጊዜ ነገ እላለሁ።»

«ነገ ለቅሶ ነው፣ ዘይኑዬ። ሰው ይመጣል።»

«ሐጂ ይቀበላሉ።»

በማግስቱ ክፍሌን ልከፍት ስደርስ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ቁርስ አልበላችም፤ ባዶ ሆድ እንደሚያስፈልግ ታውቃለች። አስቀመጥኳት፣ ግፊቷን ለካሁ፤ ደህና ነው። ጣቷን ወጋሁና የደሟን ጠብታ መለኪያው ላይ አደረግኩ። ቁጥሩ ሲወጣ ሁለታችንም አየነው።

«ይዞኛል?»

«አልያዘሽም። ከሚገባው ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ስኳር የሚባልበት ግን አልደረሰም። ሌላ ቀን ደግመን እንለካዋለን። አሁን መጠንቀቅ ከጀመርሽ ልታቆሚው ትችያለሽ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ገና ነው፣ ዘይነባ። በጣም ገና ነው።»

አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያለቀሰችው ያኔ ነው። በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና፣ ጎንበስ ብላ። ከውጭ አንድ ሰው በሩን አንኳኳ።

«ሲስተር፣ ወረፋ አለ እኮ!»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ትንሽ ጠብቁ።»

ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።